አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት አገር

አንድ ጊዜ እሜቴ ቀበሮ እማማ ዳልቻ የምትባል አሮጊት አህያን በደለቻት፤ በደሉም በልጅ ልጇ ሆድ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአህዮች አገር ሣሩ ቢደርቅ፣ እማማ ዳልቻ ከነቤተሰቧ ወንዝ ተሻግራ ጉሬዛዎች አገር ገባች። ልጇና ምራቷ እንጨት የመሸከም ሥራ አገኙ። ትንሿ ውርንጭላ ትርንጎ ትምህርት ቤት ገባች። የጉሬዛ ትምህርት ቤት ዛፍ ላይ ነው፤ ለትርንጎ ሲባል ክፍሉ በሙሉ መሬት ወረደ። ደግ አገር ነው፣ አይታማም።

ችግሩ ቁርስ ላይ መጣ። በአህዮች አገር ምግብ ሲቀርብልህ ሁለቴ «ጠግቤያለሁ» ትላለህ፤ በሦስተኛው «በሞቴ» ስትባል ትቀምሳለህ። በመጀመሪያው አፉን የከፈተ ሆዳም ይባላል፤ እናቱም አብራ ትሰደባለች። ይህን ለትርንጎ ያስተማረቻት ራሷ እማማ ዳልቻ ናት። በጉሬዛዎች አገር ግን የሚጠየቀው አንዴ ነው። መምህርት ጉሬዛ ቂጣ በማር ይዛ ስትመጣ ትርንጎ ራሷን ትነቀንቃለች፤ መምህርቷም ታልፋለች።

ሁለቱንም ወግ የምታውቀው አስተርጓሚዋ እሜቴ ቀበሮ ብቻ ነበረች። መምህርቷ ተጨንቃ ብትጠይቃት፣ አህዮች ፀሐይ ካልጠለቀች እህል አይቀምሱም፣ ሲለምኗቸውም ይከፋቸዋል ብላ አሳመነቻት። የትርንጎን ቂጣ ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን ደግሞ ዝም እንዲል ለዘበኛው ለአያ ጅቦ አደረገችው። ጅብን ዘበኛ የሚያደርግ ትምህርት ቤት አያችሁ? ደግነትም ልክ አለው።

የትርንጎ ጎድን መቆጠር ሲጀምር እማማ ዳልቻ ነደዳት። ልጄን ይዤ ወደ ደረቁ አገሬ እመለሳለሁ ብላ ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ አያ ጅቦን አገኘችው።

«ደህና ነህ ወይ፣ አያ ጅቦ? ወፍረሃል።»

«ተመስገን፣ እማማ። ሁሉም በእርስዎ ልጅ ነው።»

«በእኔ ልጅ?»

«አዎን። ‹አልበላም› ማለቷን እንዳትተው ይምከሩልኝ። እሷ ከበላች ግማሼ ይቀርብኛል። ይህን ለማንም እንዳልናገር ቀበሮ አስምላኛለች፤ እርስዎም አይናገሩብኝ።»

እማማ ዳልቻ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ እሱም አንድ በአንድ ነገራት። ቀበሮን በእርግጫ ልታነሳት ነበር። ቤቷ ስትገባ ግን የባሰ ያንገበገባት ሌላ ሆነ።

«ቀበሮስ ገባች እንጂ አልሰበረችም» አለቻት ለምራቷ። «‹ጠግቤያለሁ በይ› ብዬ ልጅቷን አስተምሬ፣ በሩን ከፍቼ የጠበቅኋት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብታ ከትርንጎ ጎን ቁጭ አለች። መምህርቷ ቂጣውን ይዛ ስትደርስ፣ ቀበሮ ‹ይህችም አትቀምስም› ልትል አፏን ከፈተች። እማማ ዳልቻ ቀደመቻት። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳይለምናት፣ የመንጋጋ ጥርሷ እስኪታይ አፏን በረገደችው። ትርንጎም አያቷን አይታ በረገደች። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ ሁለቱም ጎረሱ።

አያ ጅቦ ይህን ከበር ሆኖ አየ። ግማሽ ድርሻው እንደቀረበት ሲገባው ዘሎ ገብቶ የቀበሮን ከረጢት በመምህርቷ ፊት ዘረገፈው። የትናንቱ ቂጣ፣ የከትናንት ወዲያውም ከነማሩ ወጣ። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ቀበሮ በመስኮት ሄደች።

«ለቀበሮስ አይተርፋትም?» አለች ትርንጎ አፏን ሞልታ።

«ለእሷማ አንዴም አይጠየቅም።»

ከዚያ እማማ ዳልቻ ቂጣ ቆረሰች፣ ማር አስነካችና ወደ መምህርቷ አፍ ዘረጋች። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። «አፈር ስሆን» አለቻት። አሁንም ነቀነቀች። «በሞቴ» አለቻት ሦስተኛ፤ መምህርቷም ቃሉን ሳታውቀው ጎረሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ በሰው አገር የሚያፍር ሆድ ሌባ እንደሚያወፍርና፣ የራስን ወግ ግን ጎረቤት እስኪጎርሰው ድረስ ደጋግሞ መዘርጋት እንደሚገባ ነው።