ዘንድሮ አልሞትም ያለችው እማዋይሽ

በአንድ ወቅት፣ ቴሌቪዥን ከአባወራው በላይ ሳሎኑን በሚገዛበት በዚሁ በእኛው ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ እማዋይሽ የምትባል ተዋናይት ነበረች። ሥራዋ መሞት ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ልጅቷ እንድታለቅስ እናት መሞት ካለባት እማዋይሽ ትጠራለች። ልጁ ከእስር ተፈትቶ ሲመጣ ሬሳ ላይ እንዲደርስ ከተፈለገም እማዋይሽ ትጠራለች። በወጣትነቷ ገረድ ሆና ትሪ ተሸክማለች፤ ሰንበትበት ስትል ክፉ አማት ሆና ሽንኩርት የሚሸጥላት እስክታጣ ድረስ ገበያ ውስጥ ተጠልታለች። ጠጉሯ ሲሸብት ደግሞ ሞት ላይ ተመደበች። ፊቷን የማያውቅ የለም፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ከጎረቤቶቿ አያልፍም። መንገድ ላይ «ያቺ የምትሞተዋ ሴትዮ» እያሉ ይጠቋቆሙባታል።

አንድ ጊዜማ ጉድ ተፈጠረ። የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ አቶ ሽብሩ ምግብ ቤት ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ፣ ድምፁ በተዘጋ ቴሌቪዥን ላይ የእማዋይሽን ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ አየ። የሚቀጥለው ሳምንት ድራማ ማስታወቂያ ነበር። እሱ ምን ያውቃል? ምሳውን ትቶ ወጣና ጥሩምባውን ነፋ። እማዋይሽ ከገበያ ስትመለስ ደጇ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ከሌላ ሰፈር የመጣች አስለቃሽ ሙሾ ታወርዳለች። «ትርሲትን ሳትድሪ፣ የልጅሽን ልጅ ሳትስሚ» ትላለች። ትርሲት የድራማ ልጇ ናት። እማዋይሽ በእውነት የወለደችው ልጅ የላትም።

የእድሩ ዳኛ ዘንቢሏን ተሸክማ ሲያያት መጀመሪያ አማተበ፤ ቀጥሎ ተቆጣ።

«ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ከእንግዲህ ሲሞቱ አስቀድመው ያሳውቁን። ድንኳን ተክሎ መንቀል ለእኛም ድካም ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። የራሷን ለቅሶ ሰምታ የራሷን ሕይወት ግን እንዳልሰማችበት ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ውስጥ ውስጡን ግን አንገበገባት።

ከዚያ በኋላ አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ እናት እንድትሆን ተጠራች። ታሪኩ አጭር ነው። ልጅና አማች የእናትየዋን ቤት ሊሸጡ ይነሳሉ፤ እናት እምቢ ትላለች፤ ከዚያ በብስጭት ታማ ልጇን ይቅር ብላ ትሞታለች፤ ልጅ ታለቅሳለች፤ ቤቱ ይሸጣል። ልጅ ሆና የምትጫወተው ቤዛዊት ናት፤ ስሟ ከድራማው ስም በላይ ጎላ ብሎ የሚጻፍላት ወጣት። እማዋይሽ ድርሰቱን አንብባ ዳይሬክተሩን አክሊሉን ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው የምሞተው?»

«ቤዛዊት እንድታለቅስ ነዋ፣ እትዬ።»

«እኔ ካልሞትኩ ማልቀስ አይሆንላትም?»

«ተመልካች ሞት ይወዳል።»

ድርሰቱን አጣጥፋ ይዛ ወጣች። በቀረጻው ቀንም ጫማዋን አውልቃ ከአልጋው ሥር አስቀመጠች፤ ጋቢ ለብሳ ተጋደመች። ቤዛዊት ከጎኗ ተንበርክካ አለቀሰች፤ መቼም ማልቀስ ታውቅበታለች። እማዋይሽ የቀራት «ይቅር ብዬሻለሁ» ብላ ዓይኗን መክደን ብቻ ነበር። አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት። ጋቢውን ገፍፋ ተነሳችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች። «ቤቴን ልትሸጪ እኔ ለምን እሞታለሁ? ዘንድሮ አልሞትም። ጫማዬን አምጪ።»

እንግዲህ እማዋይሽ ይህን ስትል የምታደርገውን አጥታው አልነበረም። ዳይሬክተሮች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ ታውቃለች፤ «አስቸጋሪ ናት» የተባለች አሮጊት ሁለተኛ ሬሳ ለመሆን እንኳ እንደማትጠራ ታውቃለች። ከዚህ ሥራ ሌላ ሙያ የላትም። ደግሞ የሰው ድርሰት ማፍረሷ ነው፤ ለመሞት ተስማምታ ገብታ አልሞትም ማለቷ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀች ተነሳች።

«ካት!» አለ አክሊሉ።

ቤዛዊት ካት የሚለውን ሰምታለች። ያ ለቅሶ ሲወራለት የከረመ ለቅሶ ነው፤ የዓመቱን ሽልማት ያመጣላታል ተብሎ ነበር። ብድግ ብላ ብትወጣ ትዕይንቱ እንደገና ይቀረጻል፤ እማዋይሽ ትባረራለች፤ ሌላ ሴት መጥታ ደህና አድርጋ ትሞታለች። ቤዛዊት ግን የአሮጊቷን ፊት አየች። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ከአልጋው ሥር ጫማውን አወጣች፤ አንድ በአንድ አጠለቀችላት።

«እማዬ፣ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ደጅ። የቤቱ ገዢ ቆሟል አይደል? ላሰናብተው።»

በዚያች ቅጽበት ቤዛዊት በገዛ ትዕይንቷ ላይ ጫማ አልባሽ ሆነች። ማንም ያዘዛት አልነበረም።

ካሜራውን የያዘው ገላነው የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ሥራው አርባ ጊዜ ካት ሲባል አርባ ጊዜ ማቆም ነው። ያን ቀን አላቆመም። ሁለተኛ ካት ተባለ፤ እሱ እናትና ልጅን እየተከተለ ወደ በሩ ሄደ። ሦስተኛ ተባለ፤ እማዋይሽ በሩን ከፍታ እስክትወጣ ቀረጸ።

«አጥፋው» አለው አክሊሉ።

«አላጠፋም።»

«ካሜራው ያንተ አይደለም፣ ገላነው።»

«ዓይኔ ግን የእኔ ነው።»

ቀረጻው ያለበትን ካርድ አውጥቶ ገንዘቡን ለምታወጣው ለድራማው ፕሮዲውሰር በቀጥታ አስረከበ። አክሊሉ በማግስቱ እንዳይመጣ ነገረው፤ አልመጣም። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጸ ይኖራል።

ፕሮዲውሰሯ አየችው፤ ሳይነካ ይተላለፍ አለች። ተላለፈ። አገር ሙሉ «ጫማዬን አምጪ» የሚል ሆነ። ቤት የሚነጠቁ አሮጊቶች ተናገሩት፤ ከሥራ የሚባረሩ ጎልማሶች ተናገሩት። እናትየዋ ከድራማው ሳትወጣ ቀረች። አቶ ሽብሩም ጥሩምባውን ሰቅሎ «ዘንድሮስ አልሞቱብኝም» እያለ እማዋይሽን በሄደችበት ይመርቃታል።

ዓመቱ ሲያልቅ የጥበብ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ካባ አዘጋጁ። «የዚያች ትዕይንት ባለቤት ስሙ ተጠርቶ ይለብሰዋል» ተባለ። ካባው አንድ ነው፤ የሚጠራውም ስም አንድ ነው። አዘጋጆቹ ተከራክረው መስማማት ቢያቅታቸው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትተው መጡ። መድረክ መሪው ግራ ተጋብቶ «ባለቤቱ ይምጣ» አለ።

እማዋይሽ ተነሳች። ቤዛዊትም ተነሳች። ዝግጅቱን እንዲቀርጽ በቀን ሥራ የተጠራው ገላነው ደግሞ ካሜራውን እንደተሸከመ ከኋላ መጥቶ መድረኩ ላይ ወጣ።

«እትዬ፣ አከብርዎታለሁ» አለች ቤዛዊት። «ግን ጫማውን ባላመጣሁልዎ ኖሮ አንዲት አሮጊት ነገር ተምታታባት ተብሎ ያልቅ ነበር። ቃልዎን እውነት ያደረግኩት እኔ ነኝ። የራሴን ለቅሶ ጥዬልዎታለሁ።»

«ሁለታችሁም እንጀራችሁ አልተነካም» አለ ገላነው። «እንዲያውም ጨመረ። የእኔ ነው የተቆረጠው። እኔ ባቆም ኖሮ ይህ አዳራሽ ዛሬ ስለምን ይሰበሰብ ነበር?»

አክሊሉ እንኳ ከተቀመጠበት ተነሳ። «እኔ ይሙቱ ባልላቸው ምኑን እምቢ ይሉ ነበር?» አለ። ሰው ሳቀበት፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ነገሩን የሚያሰላስሉም ነበሩ።

እማዋይሽ ሁሉንም ሰማች። የቤዛዊት ጣቶች እግሯ ላይ ትዝ አሏት፤ የገላነው ልጆችም ትዝ አሏት። ሁለቱንም ትወዳቸዋለች። ግን ድንኳኑም ትዝ አላት፤ ስሟ ያልተጠራበት የገዛ ለቅሶዋ።

«ልጆቼ፣ እውነት ብላችኋል» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው እንዲደምቅ ቦታ ስለቅ ኖሬያለሁ። አሁንም ደግ እናት ሆኜ ልልቀቅላችሁ ብል ታጨበጭባላችሁ፤ ያም ሌላ ሞት ነው። አለቅም። አልሞትም ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜ እማዋይሽ ነው፤ እማዋይሽ በሉኝ።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ መድረኩ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ እዚያው ቆመች፤ ወዴትም አልሄድም ማለቷ ነው። ቤዛዊትም አልወረደችም። ገላነውም አልወረደም። መድረክ መሪው ካባውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ሦስቱን ትከሻ ተራ በተራ ያያል።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የእኔ ፍርድ በሆዴ ነው። ቤታችሁ ስትገቡ ተከራከሩበት፤ ብቻ እንዳትጣሉ። አንዷ ቃሉን ተናገረች፤ አንዷ ቃሉን አመነችላት፤ አንዱ ቃሉን እንጀራውን ሰጥቶ አተረፈው። ካባው በማን ትከሻ ላይ ይረፍ? የማንስ ስም ይጠራ?