ፍየል ያጠባችው ምንዥላት

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ መክብብ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ሙዚየም ገብተህ ያንን የጥንት አጥንት ካየህ ወዲህ፣ «ሰው ከእንስሳ ከመጣ መኖራችን ምን ትርጉም አለው?» እያልክ ትምህርትህን ትተህ አልጋዬ ላይ ተጋድመሃል። አያትህ ደክሟታል፤ አንዴ ነው የምናገረው።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ዘሩን መጥራት ይወዳል፤ ጎረቤት ሲያስታርቅ እንኳ «እኔ የእገሌ ልጅ» ሳይል ነገር አይጀምርም። ሴት ልጁን ሊድር ሲል፣ ሙሽሮቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ እንደ አገሩ ወግ ዘር የሚያውቁ ሽማግሌ ተጠሩ። ሽማግሌው የሁለቱንም ወገን ቆጠሩና «ዝምድና የለም፤ ይጋቡ» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ሰውየው ግን አማቾቹ ፊት ሊኮራ ፈለገ።

«አባቴ፣ ምነው የቅድመ አያቴን አባት፣ ምንዥላቴን ዘለሉት? ስሙን ይጥሩታ!»

«ይቅር ልጄ።»

«አይቀርም!»

«እንግዲህ አንተው አመጣኸው። ምንዥላትህ አባቱ አይታወቅም። በክፉ ቀን ጫካ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች ግልገሏ ከሞተባት ፍየል ጡት ሥር እያስተኙ አሳደጉት።»

ከአማቾቹ አንደኛው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው ከመደቡ አልወረደም። እርሻው ጦም አደረ። የተጣሉ ጎረቤቶች አስታርቀን ብለው ቢመጡ «ፍየል ያስታርቃል እንዴ?» ብሎ መለሳቸው። እጁን እያገላበጠ ያያል፤ ትናንት የራሱ የነበረው እጅ የሰው ዕቃ ሆነበት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጉልበቱን ስማ ትመረቃለች፤ ሳትመረቅ የወጣች እንደሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ሆዷ እንደባባ ይኖራል። ሚዜዎቹ ደጅ ላይ እየጠበቁ ልጅቱ ገብታ ተንበረከከች። እሱ እግሩን ሰበሰበ።

«ተይኝ ልጄ። የማንን ምርቃት ልስጥሽ? የፍየል?»

ልጅቱ አላለቀሰችም። ሲያጥቧትና ሲያስጌጧት ስለዋሉ ለለቅሶ እንኳ አቅም የላትም።

«አባባ፣ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ በዚህ ጉልበት ላይ አይደል ያደርኩት? ያኔ ምንዥላትህ ማን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩ፣ አንተም አልነገርከኝ። በል ዘርጋልኝ፤ ሰዎቹ ቆመዋል።»

አባትየው ጉልበቱን ቀስ ብሎ ዘረጋው። ሳመችው። እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «ውለጂ፣ ክበጂ፤ የነካሽው ይለምልም» አላት። ድምፁ ሻክሯል፤ ግን የራሱ ድምፅ ነበር። ደጅ ያሉት ሁሉ «አሜን» አሉ፤ ሳቁን በነጠላው የሸፈነው አማች ሳይቀር።

እና መክብብ፣ ያ አጥንት እውነት ይሁን አይሁን ለቆፋሪዎቹ ትቼዋለሁ፤ እነሱም እኔም ያኔ አልነበርንም። እውነት ነው እንበል። አንተ ያ ሰውዬ ነህ፤ ምንዥላትህን ፍየል አጠባችው ቢሉህ ጉልበትህን ሰበሰብክ። ትርጉምህ ከምንዥላትህ ጋር የተቀበረ፣ በአካፋ የሚወጣ መሰለህ? እዚሁ ጉልበትህ ላይ ነው፤ የሚፈልገውም ሰው ደጅ ቆሟል። እናትህ ከትናንት ጀምራ ስትደውል ስልኩን አላነሳህም። አንሳው። ከዚያ ተነስና ልተኛበት፤ አልጋው የኔ ነው።