የቅጣት ክፍል

አንድ ንጉሥ በከተማው ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረው። በላይኛው አዳራሽ ጎረምሶችና ኮረዶች ሕግና ሒሳብ ይማራሉ፤ መምህሮቻቸውም ካባ ደርበው፣ ሰው እየተነሣላቸው ያልፋሉ። ከግቢው ጥግ ባለችው ዝቅተኛ ክፍል ደግሞ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ይውላሉ።

ለዚህች ክፍል መምህር የሚላከው በፍርድ ነበር። ሰክሮ የገባ ወይም ተማሪ የደበደበ መምህር ካባውን ይገፈፍና «ሕፃናቱ ጋ ውረድ!» ይባላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ብቻ ነውር ነው ያለ ሰው አልነበረም። የወረደውም መምህር ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ጀርባውን ለልጆቹ ሰጥቶ፣ ቅጣቱ እስኪያልቅ አዳራሹን እያየ ይተክዛል። ልጅ ካለቀሰበት ይቆነጥጣል።

አንድ ቀን የሻረግ የምትባል የአዳራሹ ምርጥ መምህርት ንጉሡ ፊት ቀረበች።

«ሕፃናቱ ጋ መውረድ እፈልጋለሁ» አለች።

ንጉሡ ደነገጠ። «ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም አላጠፋሁም።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ጥያቄ ስጠይቃቸው ተማሪዎቼ መልሱን ከማሰባቸው በፊት እጄን ያያሉ፤ ልመታቸው መስሏቸው ነው። እኔ አንድም ቀን መትቻቸው አላውቅም። ይህን ፍርሃት ከየት አመጡት ብዬ ስጠያይቅ፣ ሁሉም ስለዚያች ክፍል አወሩኝ። ላይ ተቀምጬ የተሰበረ ስጠግን ዕድሜዬ አለቀ። ከሚሰበርበት ልሂድ።»

«የወረደ ሰው የሚመለሰው ቅጣቱን ሲጨርስ ነው» አለ ንጉሡ። «አንቺ ቅጣት የለብሽም፤ ስለዚህ መመለሻም የለሽም።»

«እሺ» አለችና ካባዋን አውልቃ ለአጋፋሪው ሰጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ «የደበቀችው ጉድ ቢኖር ነው» ብሎ አማት። እሷም ሰማች፤ ከፋትም። ግን በማግስቱ በጠዋት ክፍሏ ተገኘች።

መጀመሪያ ወንበሩን ከመስኮቱ አነሣች። ከዚያ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቁጢጥ ብላ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ትቀበል ጀመር። አንጓች የምትባል ትንሽ ልጅ ግን ግድግዳውን እየታከከች ገብታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ቃል አይወጣትም። የሻረግ አላስገደደቻትም። አጠገቧ ተቀምጣ ወለሉ ላይ ባፈሰሰችው አሸዋ በጣቷ ፊደል ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን አንጓች ጣቷን ዘርግታ፣ «ይኼኛው ተንጋዷል» አለች። መምህርቷ እንባዋ መጣ። «እውነትሽን ነው የኔ እናት፤ በይ አቃኚልኝ» አለቻት። ከዚያ በኋላ አንጓችን ዝም ማሰኘት ነበር ሥራው!

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ወታደሮች ጓንጉል የሚባል መምህር ይዘው መጡ። አዳራሹ ውስጥ የአንድ ተማሪ ክንድ ሰብሮ፣ እንደ ልማዱ ሕፃናቱ ጋ እንዲወርድ ተፈርዶበታል። አንጓች ሰውየውን ስታይ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የሻረግ ይህን አየች። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ቆመች።

«አይገባም።»

«የንጉሥ ትእዛዝ ነው እኮ!» አሉ ወታደሮቹ።

«እንግዲያው ንጉሡ ራሳቸው መጥተው ያስገቡት።»

ንጉሡ ነገሩን ሲሰማ በቁጣ ነድዶ መጣ። «ሕጌን እምቢ አልሽ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ሰው የባዝራዎን እግር ቢሰብር፣ ቅጣት ይሁነው ብለው ውርንጭላዋን እንዲጠብቅ ይሰጡታል?»

«እብድ ነኝ እንዴ!»

«ታዲያ የጎረምሳ ክንድ የሰበረን ሰው ለእነዚህ ለምን ይሰጡታል? እሱን ቀጣሁ ይላሉ፤ የሚቀጡት ግን ሕፃናቱ ናቸው። እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ በር አያልፍም።»

ንጉሡ ጓንጉልን አየው፤ የተዘጋውንም በር አየ። እውነቷን እንደሆነ ገባው። ሆኖም ንጉሥ ነውና በሰው ፊት መረታቱ ከበደው።

«ትእዛዜን ጥሰሻልና መቀጣት አለብሽ» አለ በመጨረሻ። «ግን ከዚህ ወዴት ላውርድሽ?»

«ከዚህ በታች ክፍል የለም፣ ንጉሥ ሆይ» አለች የሻረግ። «ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።»

ንጉሡ ጓንጉልን ወደ ዳኛ መልሶ ላከው። በዚያው ሳምንትም ሕጉ ተሻረ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሕፃናቱ ክፍል የሚገባው ወድዶ የጠየቀ፣ ጠባዩም ከአዳራሹ መምህራን ይልቅ በጥብቅ የተመረመረ ሰው ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት የጠየቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሻረግ ግን ሁለቱም በደስታ መምጣታቸው በቃት።

ወዳጆቼ፣ ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ሌላ ቦታ አጥቶ የቀረ ይመስለናል። እውነቱ ግን ልጅ ፊደል ከመለየቱ በፊት ሰውን ማመን ወይም መፍራት ይማራል፤ ያንን የሚያስተምረው ደግሞ ያ የናቅነው መምህር ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ጠዋት ልጃችሁን በሩ ላይ የሚቀበለው ሰው ስሙ ማን ይባላል?