መጽሐፉን ሊጨርስ የቸኮለ ቀጥቃጭ

አንድ ቀጥቃጭ ነበረ። ብረት እየቀጠቀጠ ሀብታም ሆነ፤ ሀብታም ሲሆን ግን ሸምግሎ ነበር፣ ደረቱንም የከሰሉ ጢስ ጨርሶት ነበር።

ትርንጎ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ማኅበራችን በየወሩ በምሳ ሰዓት ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ትምህርት የምታሰናጂው አንቺ ነሽ። ሰዓቱ አጭር ነው፣ ግማሹ በምሳ ያልቃል፣ ሰዎቹም ከበሉ በኋላ ያንቀላፋሉ። «ምሳውን አስቀርተን ትምህርቱን ብናረዝመው አይሻልም ወይ፣ እማማ?» አልሽኝ። አዎ ወይም አይ ብዬ መመለስ እችል ነበር። አዎና አይ የሚሉሽ ግን ኮሚቴው ውስጥ ሞልተዋል። ስለዚህ የቀጥቃጩን ነገር ስሚ።

አባቱም ቀጥቃጭ ነበረ። ልጁ ወናፉን ሲነፋ አባት መዶሻውን እያነሳና እየጣለ ከመጽሐፉ፣ ከአምስቱ ብሔረ ኦሪት፣ ያወራለት ነበር። ልጁ ገና ሳይጎረምስ በመንደራቸው ወረርሽኝ ገባ። አባት ታሞ ተኝቶ ሳለ መንገደኞች ልጁን ለሙያው ሲሉ ይዘውት ሄዱ። አባቱ መሞቱን በወሬ ሰማ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ጸሎታችንን በማያውቁ ሰዎች መካከል ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ኖረ። ወደ ወገኖቹ የተመለሰው ጢሙ ከሸበተ ወዲያ ነው። ሲመለስ በልቡ የያዘው አንድ ምኞት ብቻ ነበር፤ አባቴ ጀምሮ ያልጨረሰልኝን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼ ልሙት ይል ነበር።

ለዚህም ሲል በመንደሩ መካከል ሰፊ አዳራሽ ሠራ። አንድ ሽማግሌ ቄስ እንዲያስተምሩበት ለመነ፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ምሳ አዘጋጀ። አዲስ ጨረቃ በታየች ማግስት፣ ቀትር ላይ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ገበሬው በሬዎቹን ትቶ ይመጣል። እጃቸውን ይታጠባሉ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ የምስሩ ወጥ ይቀርባል፣ ሁሉም እየበላ በወሩ ውስጥ የደረሰበትን ያወራል። ከዚያ በኋላ ቄሱ መጽሐፉን ይገልጣሉ። በግዕዝ ያነባሉ፣ በአማርኛ ይፈታሉ።

ቀትር እንግዳ ሰዓት ነው። ጥላ ሁሉ ከባለቤቱ እግር ስር ይገባና ይተኛል። በአዳራሹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ቀስ እያለ እንደ ማር ይፈሳል፤ የቄሱ ድምፅ በዚያ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፤ የጠገቡት ሰዎች ዓይናቸው ይከደናል። ያን ጊዜ የመጽሐፉ ምድረ በዳ ግድግዳውን አልፎ ይገባ ነበር። ድንኳኖቹ በምንጣፎቹ መካከል ይተከላሉ፣ ግመሎቹ በምሰሶዎቹ ሥር ይንበረከካሉ። አንድ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ብንን ሲል ከጉልበቱ ላይ አሸዋ ያራግፍ ነበር፤ አሸዋ ግን አልነበረም።

«ምድረ በዳውን ጨረሱት?» ይላል።

«ገና ናቸው፤ ተኛ» ትለዋለች ሚስቱ።

«እንግዲያው ውኃ ሲያገኙ ቀስቅሺኝ።»

አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋ እየበላች፣ «እህቴ እንስራዬን ሰበረችና አላየሁም አለች። ከእንግዲህ ደጇን ብረግጥ እግሬ ይሰበር!» ብላ ማለች።

«ኧረ እንስራው ድሮም ስንጥቅ ነበር» አላት ሸማኔው፣ ዳቦው ጉንጩን ሞልቶት።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ! አንተ የሠራኸው ኩታ አይደል ወንፊት መስሎ ዱቄት የተነፋበት?»

ሁሉም ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም፤ ያኝኩ ነበር። ከምሳ በኋላ መጽሐፉን የገለጡት ተጣልተው የኖሩ ወንድማማቾች ተቃቅፈው ከታረቁበት ቦታ ላይ ነው። ሲያነቡም ወደ ሸክላ ሠሪዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከቱም። በሌላው ወር እህትማማቾቹ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ታዩ። አልተነጋገሩም፤ ዳቦውን ግን ከአንድ ሳህን ቆረሱ።

ቀጥቃጩ በር አጠገብ ተቀምጦ፣ በወለሉ ላይ የምትሄደውን ፀሐይ ይጠብቅ ነበር። አይበላም፣ አያወራም። ቄሱ አንዱን ወር ከመካከል፣ ሌላውን ወር ከመጀመሪያ፣ ሦስተኛውን ከየትም ያነባሉ። በዚህ አካሄድ መጽሐፉ እንደማያልቅ ገባው። ደረቱ ደግሞ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጭ ጀምሯል።

ስለዚህ ሄዶ፣ «አባ፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልለምንዎ» አላቸው። «ምሳው ይቅር። ዳቦውን በየቤታቸው እልካለሁ፣ ለማንም አይጎድልበትም። ሰዓቱ በሙሉ ለመጽሐፉ ይሁን፤ እሱንም ከፊት ጀምረው በተራ ያንብቡልን።»

«ለምን ቸኮልህ?»

«ደረቴ ጊዜ አይሰጠኝም፣ አባ።»

ቄሱ እምቢ ሊሉት አስበው ነበር፤ የትንፋሹን ፉጨት ሰሙና አዘኑለት። «እሺ» አሉት። «እንደ ወደድህ ይሁን።»

በመጀመሪያው ወር ሁሉም መጡ። ዳቦውን በየቤታቸው፣ እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ በልቶት ነበር። ወገባቸውን አቅንተው ተቀመጡ፤ ማንም አላንቀላፋም። ቄሱ ከመጀመሪያው ቃል ጀመሩ፤ ውኃ በድንጋይ ላይ እንደሚያልፍ ሳያቋርጡ ሄዱ። ብርሃኑ ነጭ ነበር፤ ምድረ በዳውም ከመጽሐፉ አልወጣም። በዚያ ወር የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሳይሰናበታት ከቤት ጠፍቶ ነበር። ነገሩን በአፏ ይዛው መጣች፤ የምታስቀምጥበት ቦታ ግን አጣች። ትምህርቱ ሲያበቃ ተነሥታ፣ እንደ ያዘችው ወጣች።

ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። አልተቆጡም፣ አልተጣሉም፤ ሲነጋ ሕልም እንደሚጠፋ ጠፉ። በመጨረሻ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቄሱና ቀጥቃጩ ብቻ ተረፉ። ቀጥቃጩ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ መጽሐፉ እያለቀ ነበርና።

አንድ ቀትር ቄሱ የመጨረሻውን ቅጠል አነበቡ፣ ፈቱት፣ መጽሐፉንም ዘጉ።

«አለቀ» አሉ።

ቀጥቃጩ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ አላወቀም። እነዚያን ወራት ሁሉ የሰማውን በልቡ ቢፈልግ ከድምፅ በቀር ምንም አላገኘም። የአባቱ ወሬ ግን ከነመዶሻው ነበረ፤ ፍንጣሪ እጁን ባቃጠለው ቀን አባቱ እሳት ይዞት ስለማይነደው ቁጥቋጦ ነግሮታል፤ ዋሽቶ በተያዘ ቀን ደግሞ በወንድማቸው ነገር ለአባታቸው ስለዋሹ ወንድሞች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። አባቱ መጽሐፉን ከፊት ጀምሮለት አያውቅም።

የዚያን ዕለት ለራሱ በኩታው ጫፍ የቋጠራት ዳቦ ነበረችው። ፈታትና ለሁለት ቆረሳት፤ ግማሹን ለቄሱ በሁለት እጁ ሰጠ። ሁለቱም በሉ። በመካከሉ ቀጥቃጩ፣ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ «አባ፣ የአባቴ መቃብር የት እንደሆነ አላውቅም» አለ። «ማን እንደቀበረው አላውቅም። የቀበረው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ቄሱ እጃቸውን ጠርገው መጽሐፉን ገለጡ። ሌላ ቦታ አልፈለጉም፤ አሁን የዘጉትን ቅጠል ነው የገለጡት። ሕዝቡን አርባ ዓመት መርቶ በተራራ ላይ ስለሞተው ሰው አነበቡለት፤ እስከ ዛሬ ማንም መቃብሩን አያውቅም፣ የቀበረው ፈጣሪ ግን ያውቀዋል አሉት።

ቀጥቃጩ አለቀሰ። «ይህን ቅድም አንብበውት ነበር?»

«ቅድምም አንብቤዋለሁ።»

«አልሰማሁም።»

«አንተም አልነገርኸኝም ነበር» አሉት።

ማር የመሰለው ብርሃን በመስኮቶቹ ገባ። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንበብ ቀጠሉ፤ ቀጥቃጩም በዚያ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንቀላፋ። በሚቀጥለው ወር ምሳው ተመለሰ። ቀጥቃጩ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደኖረ የነገረኝ የለም።

እንግዲህ ትርንጎ፣ አንቺም ሰዓት ቆጣቢ ሆነሻል። ከተማ ሄደሽ የተማረ ሰው ታመጪያለሽ፤ ቢሮ አስገብተሽ ለብቻው ሻይ ትሰጪዋለሽ፤ ሰዎቹ በልተው ሲጨርሱ በሌላ በር አስገብተሽ ማይክሮፎኑን ታስጨብጪዋለሽ። እሱም ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ ተናግሮ ይሄዳል። ከዚያ ተኙብኝ ብለሽ ትወቅሻቸዋለሽ። የሚተኙት በምሳው ምክንያት አይደለም። ስንት ዘመን ሙሉ ከተማሩ ሰዎች ብዙ ሰምተው፣ እነሱን የሰማቸው ስለሌለ ነው። ለብቻ የተነበበ መጽሐፍ ምን ምን እንደሚል ደግሞ እኔን ጠይቂኝ፤ በባዕድ አገር ብዙ አንብቤአለሁ፣ ገበታዬ ላይም አንድ ሳህን ብቻ ነበር።

ምሳው የትምህርቱን ሰዓት የሚሻማ እንዳይመስልሽ። ሰው ልቡን የሚከፍተው እዚያ ላይ ነው፤ ያልተከፈተ ልብ ላይ ደግሞ የቱንም ያህል ብታረዝሚው ቃሉ ከውጭ ይቀራል። ስለዚህ ምሳውን አታስቀሪ፤ አስተማሪውን ከቢሮ አውጪው። ሳህን አስይዘሽ በእነዚያ በሚያንቀላፉት አሮጊቶች መካከል አስቀምጪው። አንዷ ስለ ምራቷ፣ ሌላዋ ስለ ጉልበቷ፣ አንዷም ስለ ጠፋ ልጇ ታወራለታለች። አያቋርጣት፤ እየበላ ይስማት። ትምህርቱን ጽፎ የያዘውን ወረቀት ከኪሱ ሳያወጣ ከቀረ፣ ያን ዕለት ትምህርት ተሰጥቷል ማለት ነው።