የቆቅ ክንፍ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ ልጀምር።

በአንድ ዱር ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ዝንጀሮ ወጌሻ ነው፤ የተሰበረ ክንፍ ይጠግናል። ጃርት ደግሞ እሾህ ነቃይ ናት። በዱሩ ልማድ እያንዳንዱ ቤተሰብ በመኸር ጊዜ ከሁለቱ ለአንዱ እህል ያዋጣል፤ ያዋጣለት ሐኪምም ዓመቱን ሙሉ ያክመዋል።

ቆቅ ጠርጣራ አባወራ ነበር፤ ጭልፊት መጣ አልመጣ እያለ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ይውላል። መኸር ሲደርስ እህሉን ይዞ ወደ ዝንጀሮ አቀና።

ሚስቱ «ለልጆቹስ አስበሃል?» አለችው።

«እነሱም ክንፍ አላቸው» አላት፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል።

«ገና መች በረሩበት?» አለችው፤ እሱ ግን እህሉን ለዝንጀሮ አስረከበ።

በጋው ሳይጋመስ ትንሹ ጫጩት የግራር እሾህ ረገጠ። ቆቅ ልጁን ይዞ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደ። ዝንጀሮ የጫጩቱን ክንፎች ገልጦ አየና፣ «ክንፉ ደህና ነው። እሾህ መንቀል የእኔ ሙያ አይደለም» አለው።

ቆቅ ወደ ጃርት ሮጠ። ጃርት በደጇ የተሰለፉትን እያሳየች፣ «እነዚህ እህላቸውን ለእኔ የሰጡ ናቸው። እነሱን ልጨርስና አየዋለሁ» አለችው።

ተራው እስኪደርስ እሾሁ ወደ ውስጥ ዘልቆ እግሩ መገለ። ጃርት ነቀለችለት፤ ልጁም ዳነ፤ እግሩ ግን እንደ ደረቀ ቀረ።

ከቆቅ ክንፍ ያን ዓመት አንዲት ላባ እንኳ አልወደቀችም። ይኸው እስከ ዛሬ ግን አንካሳው ልጁ ተንደርድሮ መብረር ስለማይችል ኋላ እንዳይቀርበት፣ ክንፍ እያለው በእግሩ ይሄዳል።