ድንኳን ተካይ ያጣው ሰፈር

«ሰፊ ግቢ ያለው አንድ ባለጠጋ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ተክለ ጻድቅ። ጠያቂያቸው ፀዳለ የሰፈሯ ኮሚቴ አባል ናት። ፎቅ ይሠራ፣ አይሠራ፣ አውቶቡስ ይግባ፣ አይግባ በሚል ክርክር ሰፈሩ ለሁለት ቢከፈልባት፣ ከየትኛው ወገን መቆም እንዳለባት ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። መምህሩም ይህን ነገሯት።

ሰውየው የሚኖረው በከተማው መሀል፣ ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ግቢዎቹ ግን ሰፋፊ በሆኑበት ሰፈር ነበር። ሀብቱን ያፈራው በወጣትነቱ እህል ነግዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎመኑን ውሃ ያጠጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ጋር አጥር ተደግፎ ያወጋል። ከዚህ የበለጠ ኑሮ አይመኝም ነበር።

ከተማው እያደገ መጣ። ሹሞቹም የሰፈሩን ሰው ሰብስበው፣ በዋናው መንገድ ዳር ፎቅ ቤቶች እንሥራ፣ አውቶቡስም እናስገባ አሉ። ሰውየው ተነሣ። ሲናገር የሚደመጥ ሰው ነበር።

«ሰው በሰው ላይ ከተደራረበ ውሃው አይበቃንም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ማለትም ይቀራል። ሰፈራችንን እንደኖረ ተዉልን» አለ።

የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ሰዉ አጨበጨበለት፤ ፎቁም ቀረ። አውቶቡሱ ለሙከራ መጣና ባዶውን ገብቶ ባዶውን ሲወጣ ጥቂት ከርሞ እሱም ቀረ።

ፎቆቹ ከተራራው ማዶ፣ ከከተማው ዳር ተሠሩ። ቤት የሚሻ ወጣት ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። የሰፈሩ አስተማሪ ሄደ፣ የልብስ ሰፊው ወንዶች ልጆች ሄዱ፣ የሰውየው አንዲት ሴት ልጅም ባል ስታገባ ወደዚያው ሄደች። ሰውየው የልጁ መራቅ ቢከፋውም ከራሱ ንግግር ጋር አላያያዘውም። ጸጥታው ተመችቶታል።

ከዓመታት በኋላ ልብስ ሰፊው ሞተ። የእድሩ ጥሩምባ ቢነፋ የመጡት አዛውንቶች ብቻ ነበሩ። ድንኳኑን አውጥተው ሊተክሉ ቢሞክሩ ምሰሶው አልነሣ አላቸው። ሰውየው ራሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ከመሬት ሊያላቅቀው ግን አልቻለም። በመጨረሻ መንገድ ሲቆፍሩ የነበሩ የቀን ሠራተኞችን ለምነው አስተከሉ። አስከሬኑን የተሸከሙትም እነዚያው፣ የሟቹን ስም የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

የሟቹ ሚስት «ልጆቻችን የት ደረሱ?» ስትል ሰውየውን ጠየቀችው።

«መንገድ ላይ ናቸው» አላት።

«ሁልጊዜም መንገድ ላይ ናቸው» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ወንዶች ልጆቿ ከመቃብሩ የደረሱት አፈር ሲመለስ ነው። ከታክሲ ታክሲ ሲቀያይሩ፣ ሰልፍ ሲጠብቁ አርፍደው። የሰውየው ልጅ ደግሞ ከዚያም ዘግይታ፣ ድንኳኑ ውስጥ መጥታ አለቀሰች። እንባዋን ሳትጠርግ ሰዓቷን አየች።

«እደሪ እንጂ» አላት።

«አባዬ፣ ካደርኩ ነገ ከሥራ እቀራለሁ።»

አልወቀሰችውም። በር ድረስ ሸኝቷት ጀርባዋን እያየ ቆመ። ያን ጊዜ ነው በስብሰባው ላይ የተናገረው ንግግር ማንን ወዴት እንደሰደደ የገባው።

ሰልስቱ እንዳለፈ ስብሰባ አስጠራ። «በመንገዱ በኩል ያለውን የግቢዬን እኩሌታ ለቅቄያለሁ፤ ፎቁ እዚያ ይሠራ» አለ።

አንድ ሽማግሌ «ጎረቤትህ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ልትሞት ነው?» አሉት።

«ከማውቃቸው ጎረቤቶቼ ማን ቀረኝ?» አላቸው።

በማግስቱ ማንንም ሳይጠብቅ ዶማ አንሥቶ የመንገዱን ወገን አጥር በገዛ እጁ ማፍረስ ጀመረ። ድንጋዩን ቀስ እያለ ነው የሚያወርደው። መጀመሪያ ያዩት ሰዎች አዘኑለት፤ ቆይተው ግን አብረውት ያፈርሱ ጀመር።

ፎቁ ተሠራ። ጎመኑ እስከ ረፋድ ፀሐይ አያይም። ልጆች ደረጃ ለደረጃ ሲሯሯጡ ቀትር ላይ ማሸለብ አልቻለም። ውሃውም እንደፈራው አነሰ፤ ሰውየው ግን አዳዲሶቹን ጎረቤቶች አስከትሎ ውሃ ቢሮ ተመላልሶ ሌላ የውሃ መስመር አስገባ። ሲያጉረመርም የሚሰማበት ቀን ብዙ ነው። የልብስ ሰፊው ታናሽ ልጅ እናቱ አጠገብ ቤት አገኘ። የሰውየው ልጅ፣ ባሏ ሥራው እዚያው ማዶ ስለሆነ፣ አልተመለሰችም። ሆኖም አውቶቡሱ የሚጭነው ሰው ስላገኘ ደግሞ ገብቷል፤ ከሥራ መልስ በእሱ መጥታ ከአባቷ ጋር እራት በልታ ሳይመሽባት ቤቷ ትገባለች።

መምህር ተክለ ጻድቅ ይህን ተናግረው ወደ ፀዳለ ዞር አሉ።

«የሰፈርሽ ነገር ይህን ሰው ይመስላል፣ ልጄ። ፎቁን የሚፈሩት ክፉዎች አይደሉም። የውሃውም የፍሳሹም ችግር እውነት ነውና አብራችሁ መላ ፈልጉለት። ነገር ግን ቦታ የነፈጋችሁት ሰው ከከተማው አይጠፋም፤ ርቆ ይሰፍርና ዕድሜውን በመንገድ ይጨርሳል። እሱ ከሌለ ደግሞ አውቶቡሱ ለማን ብሎ ይመጣል? ስለዚህ ይሠራ ከሚሉት ጋር ቁሚ። ያ ሰው ነገሩ የገባው ከቀብር መልስ ነው። አንቺ ግን ዛሬ ጠይቀሻል፤ ነገ ስብሰባው ላይ ቀድመሽ ተነሺና ተናገሪ።»