ጨረታ ላይ የወጣው ፎቶ

ለዓይን በሽታ ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ የእራት ግብዣ ላይ፣ ባለሀብቱ አቶ ወንድይፍራው የራሳቸውን ትልቅ ፎቶ ፍሬም ውስጥ አስገብተው ለጨረታ አቀረቡ። ዋጋ የሚጠራ ጠፋ። ሰውዬው አፈሩና ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ስለ በሽታው እንዲናገር ተጋብዞ ፊት ወደተቀመጠው ዓይነ ስውር ሸማኔ ሄዱ።

«ነገ ዓይንህ ቢበራ በእኔ ገንዘብ ነው። ፎቶውን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፤ ቤትህ ትሰቅለዋለህ። ምን ትላለህ?» አሉት፣ እንቢ እንደማይል ተማምነው።

ሸማኔው ተነስቶ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ለእኔስ ግድ የለም፤ የትም ቢሰቀል አይረብሸኝም። ችግሩ ባለቤቴ ታያለች። ይኸው ስንት ዓመት የእኔን ፊት ችላ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛ ልጨምርባት?»